አንድ ሰው የቀረው

በሁለት ሺህ ዘጠና ሁለት ዓ.ም. በደሴ ከተማ ማንበብ የሚችሉት የአንደኛ ክፍል ልጆች ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል። ይህ ማንንም አላሳሰበም። የወተት ጥርስ የሚነቅሉትም እነሱ ብቻ ነበሩ፤ ለዚያስ ማን ተጨነቀ?

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰው ስምንት ዓመት ሲሞላው ከጆሮው ጀርባ ሹክታ ይገጠምለታል። ከዚያ ወዲያ ዓይኑ ያረፈበትን ጽሑፍ ሁሉ ሹክታው በለዘበ ድምፅ ያነብለታል፤ የመድኃኒት ብልቃጥም ይሁን የሱቅ ስም፣ የፍርድ ቤት መጥሪያም ይሁን የሠርግ ጥሪ። ከስምንት ዓመት በታች ላለ ጆሮ ግን ሐኪሞች አልፈቀዱም። ትምህርት ቤቶችም ልጆቹ እስኪደርሱ ሥራ ፈትተው ከሚረብሹ ብለው ፊደል ያስቆጥሯቸዋል። ልጁ በአንደኛ ክፍል ፊደል ያበቅላል፣ ስምንት ሲሞላው ሹክታው ይገባል፣ ቀጣዩ ክረምት ሳይወጣ ፊደሉ ይወልቃል። የወለቀ ጥርስ እንኳ ጣሪያ ላይ ተወርውሮ አዲስ ይለመንበታል። ለወለቀ ፊደል እንዲህ ያለ ወግ አልተበጀለትም።

ይመር እንድሪስ ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የምትመላለስ ሚኒባስ ሹፌር ነው። ሚኒባሷ ራሷን ትነዳለች። መሪ አላት፣ መሪው ይዞራል፣ ነገር ግን ከምንም ጋር አልተያያዘም። ሹፌር ያስፈለገበት ምክንያት ሌላ ነው፤ የከተማችን ሰው ፊት ለፊቱ የሰው ማጅራት ካላየ አልሳፈርም አለ። አንድ ዓመት ያለ ማጅራት ተሞከረ፤ መኪኖቹ ባዷቸውን ሲመላለሱ ከረሙ። ስለዚህ ይመር በየማለዳው ይላጫል፣ ኮሌታውን ያስተካክላል፣ ማጅራቱን ይዞ ሥራ ይገባል። በማኅበሩ የተመሰገነ ማጅራት ነው።

ረዳት የሚባል ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ ድምፁ ግን መኪናዋ ጣሪያ ላይ አለ። "ፒያሳ፣ ፒያሳ፣ ፒያሳ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!" ትላለች፤ ጢም ብላ ሞልታም፣ ባዶም ሆና። መሐንዲሶቹ የከተማው ቅርስ ነው ብለው ሳያርሙት ተዉት። ደሴ ውስጥ መኪና ሲዋሽ መስማት የተለመደ ነው።

ተሳፋሪው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ይወርዳል። "ወራጅ አለ" የሚል የለም፤ መውረጃውን ሹክታው ለመኪናዋ ይነግራታል። ይመር ከማለዳ እስከ ማታ ሰው ሲያሳፍር ውሎ አንዲት ቃል ሳይሰማ ቤቱ የሚገባበት ቀን ብዙ ነበር። አልከፋውም ማለት ውሸት ነው። ይከፋው ነበር። ግን ሥራ ነው፤ ደግሞስ ማጅራትን ማን ያናግራል?

ከኅዳር ወዲህ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ትንንሽ ልጆች ሰላም ይሉት ጀመር። የመጀመሪያው ያፌት የሚባል፣ የፊት ጥርሶቹ የወለቁ ልጅ ነው። ከእናቱ ጋር ገባ፣ ወንበሩ ላይ ቆመ፣ ወደ ላይ አንጋጦ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ቆየና "ሰላም ዋሉ ሹፌር!" ብሎ ጮኸ። እናቱ ደንግጣ ጎትታ አስቀመጠችው። በሳምንቱ ሁለት ሴት ልጆች እንዲሁ አደረጉ። የገና በዓል ሲደርስ ልጆቹ በርክተው ነበር። ሁሉም ያንጋጥጣሉ፣ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ሰላም ይላሉ፣ ከዚያ እርስ በርሳቸው ይሳሳቃሉ።

"የዘንድሮ ልጆች አስተዳደግ አላቸው" አለ ይመር ቤቱ ገብቶ።

ልጁ ረውዳ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች። እሷም አንደኛ ክፍል ናት።

ልጆቹ የሚያንጋጥጡት ከመስተዋቱ በላይ ወደተለጠፈው ጥቅስ ነበር። ጥቅሱ የይመር አባት የእንድሪስ ነው። እንድሪስም ሹፌር ነበር፣ መሪ ከጎማ ጋር ይያያዝ በነበረበት ዘመን ማብቂያ ላይ። አሮጌው መኪና ለብረት ሲሸጥ ይመር ጥቅሱ የተጻፈበትን ቁራጭ ላስቲክ በጥፍሩ ፍቆ አነሣውና አዲሷ ላይ ለጠፈው። ከአባቱ ዕቃ የቀረው እሱ ነበር። ምን እንደሚልም ያውቃል፤ ባየው ቁጥር ሹክታው "እንኳን ደህና መጡ፣ መልካም ጉዞ" ይለዋል። አባቱ ጨዋ ሰው ስለነበር ይህን መጻፉ አይደንቅም።

የረውዳ አስተማሪ መምህርት ትብለጥ ትባላለች፤ ለልጆቹ "ቲቸር" ናት። የወልድያ ልጅ ናት፤ ወጣት፣ ግዙፍ፣ ድምፅዋ ጦሳ ተራራ ደርሶ የሚመለስ። ስታስተምር ክፍሉ በሙሉ አብሯት ይጮኻል። ስትፈትን ግን ዝም ነው። ካርድ ታነሣለች፣ ልጆቹ በልባቸው ያነባሉ፣ ያነበበ ያደርጋል። "ጆሮህን ያዝ" ካለ ጆሮ ይያዛል። "ጠረጴዛ ሥር ግባ" ካለ ክፍሉ ባዶ ይመስላል። ያላነበበ ልጅ ጓደኞቹን አይቶ ዘግይቶ ይገባል፤ ትብለጥ የምታየው ያቺን መዘግየት ነው።

ሕጓ ሁለት ነው። አንዱ "ያነበበ ያደርጋል" የሚለው ነው። ሁለተኛው "የሰው ንባብ አይነጠቅም" ይላል፤ ሌላው እየታገለ ያለውን ቃል ቀድሞ መናገር በእሷ ክፍል ከስርቆት አይለይም።

በየካቲት ወላጆችን ሰበሰበች። ወላጆቹ በትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ ተቀመጡ። ትብለጥ ነገሩን አሳጥራ ተናገረች። ትምህርት ቤቱ ለከርሞ አንድ የንባብ ክፍል ይከፍታል። እዚያ የገባ ልጅ ስምንት ቢሞላውም ሹክታ አይገጠምለትም፤ ማንበቡን ይቀጥላል። ነገር ግን ቤቱ ውስጥ ብቻውን የሚያነብ ልጅ ፊደሉ አይጸናለትም፤ ስለዚህ ከየቤቱ አንድ ትልቅ ሰው ማንበብ አለበት። "ሰኔ ላይ፣ በመዝጊያው ቀን፣ ሹክታችሁን አውልቃችሁ ትፈተናላችሁ። ካለፋችሁ ልጃችሁ ይገባል" አለች።

"እኛን ደግሞ ማን ያስተምረናል?" አለ አንድ አባት እየሳቀ።

"አስተማሪማ አጠገብዎ ተቀምጧል" አለች ትብለጥ።

ልጆቹ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። አንዳንዶቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ረውዳና ይመር በእግራቸው ተመለሱ። ከአጥራቸው ደጃፍ ሲደርሱ የጎረቤት ልጅ ኢክራም ገመድ ትዘላለች። ኢክራም ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አምና ከክፍሉ ሁሉ የምትበልጥ አንባቢ እሷ ነበረች። ረውዳ ከሰል አነሣችና ግንቡ ላይ ጻፈች።

"ኢክራም፣ ሹክታሽን አንዴ አውልቂና ይሄን እይው። ምንድነው?"

ኢክራም አወለቀች፣ አየች፣ ትከሻዋን ነቀነቀች። "ጌጥ ነው?"

"ስምሽ እኮ ነው።"

"ታምራለች" አለች ኢክራም፤ ሹክታዋን መልሳ ወደ ገመዷ ሄደች። አልከፋትም። ረውዳን የከፋት ደግሞ ይኸው አለመከፋቷ ነው።

"አባዬ" አለች። "እኔ ነሐሴ ላይ ስምንት ይሞላኛል። ስሜን ሳየው ጌጥ ነው እንድል አልፈልግም።"

ይመር ልጁ ስታለቅስ አንጀቱ አይችልም። "አብሽሪ" አላት፤ "እማርልሻለሁ። የሕፃን ነገር አይደል? ምን ይከብዳል?"

ይህን ያለ ሰው መጨረሻው ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። የረውዳ እናት ዘምዘም ግን እውነቱን ቀድማ ተናግራለች። እሷ ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ስለምትሠራና ቤትም ሆና ስለምትጠራ፣ ሹክታዋን ማውለቅ አይፈቀድላትም። "እኔን ተዉኝ" አለች፤ "ከዛሬ ጀምሮ ሁለት አንደኛ ክፍል አለኝ ብዬ እቀመጣለሁ።"

ትምህርቱ በማግስቱ ከእራት በፊት ተጀመረ። ረውዳ ትንሿ ሰሌዳዋ ላይ ትጽፋለች፣ ይመር ያነባል። "በግ።" አነበበ። "ወተት።" አነበበ። "ጦሳ ተራራ ላይ ጉም አለ።" ይህንንም አነበበ። በሦስተኛው ቀን ይመር እግሩን አነባብሮ ነበር የሚማረው።

ረውዳ ግን የትብለጥ ተማሪ ናት፤ ፍጥነት አይጥማትም። ሰሌዳውን ወደ ደረቷ አዙራ ጻፈችና አሳየችው። "አባዬ ሲተኛ ያንኮራፋል" ይላል።

"አባዬ ሲተኛ በሰላም ያርፋል" አለ ይመር በኩራት።

ጠርጋ ሌላ ጻፈች። "አባዬ ያጭበረብራል።"

"አባዬ ብልህ ነው።"

ረውዳ ጠመኔዋን አስቀመጠች። "ሹክታህን አምጣ።"

"የምን ሹክታ?"

"ከጆሮህ ኋላ ያለውን።"

ሹክታ ክፉ ቃል አያነብም፤ አለስልሶ ያልፈዋል። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ምን ያህሉን እንደሚያለሰልስ ግን ጠይቆ ያወቀ የለም፤ ጥያቄውም ቢሆን ለስልሶ ነው የሚመለሰው። ይመር አውልቆ ሰጣት። ጆሮው በርዶት ሰሌዳውን ሲያየው ጭረት ብቻ ሆነበት። በልጁ ፊት እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

ዘምዘም ከሥራ ስትመለስ ባሏን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሞ አገኘችው።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ተቀጥቼ ነው" አለ ይመር።

"እኔ ይህን ሳላደርግ እስካሁን ምን ስጠብቅ ነበር?" አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ የእውነት ሆነ። ረውዳ የፊደል ገበታውን ግድግዳው ላይ ሰቀለች፤ እሷ በእንጨት እያሳየች ትመራለች፣ እሱ ይቀበላል። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ። ይመር ድምፁ ጥሩ ነው፤ መንዙማ ላይ ከሚቀበሉት አንዱ ነበር። ዜማውን ወደደው። መኪናው ውስጥም ከንፈሩን ገጥሞ ያንጎራጉረዋል፤ የተመሰገነው ማጅራቱ ከላይ ታች ሲል ተሳፋሪው ማየት ጀመረ። ሚያዝያ ሳይጋመስ ከሀ እስከ ፐ ሳይደናቀፍ ወረደው። ዘምዘም ሳይቀር አጨበጨበች።

"ይቺስ ማናት?" አለች ረውዳ፣ ገበታው መሀል ላይ እንጨቷን አሳርፋ።

የይመር ከንፈር ይንቀሳቀስ ጀመር። ረውዳ ጠጋ ብላ ሰማችው። "...መ ሙ ሚ ማ..." ይላል በለሆሳስ። ከሀ ተነሥቶ እየሮጠ ነው። እየቃተተ ደረሰና "ቶ!" አለ።

"እሺ ይቺስ?"

ይመር ወደ ሀ ተመለሰ።

እውነቱን ለመናገር ይህ ስሕተት የይመር ብቻ አይደለም። በዚህ አገር ፊደል በዜማ መቆጠር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ስንቱ ልጅ ገበታውን በጆሮው ተምሮ በዓይኑ ሳያውቀው ቀርቷል። የጥንት የኔታዎች ይህን ተንኰል ስለሚያውቁ ነበር ሀሁን የጨረሰ ልጅ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያሉ ቅደም ተከተሉን አፍርሰው እንደገና የሚያስጀምሩት። ረውዳም አቡጊዳውን አመጣችበት። ዜማው ሲፈርስ ይመር እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደ። ቀጥላ ወረቀት በሳች፤ ቀዳዳዋን ገበታው ላይ እያንቀሳቀሰች አንዲቷን ፊደል ብቻ ታሳየዋለች።

"ብቻዋን ስትሆን አላውቃትም" አለ ይመር ተስፋ ቆርጦ። "ጎረቤቶቿን አሳይኝ።"

"ብቻዋን ስትሆን ነው የምትተዋወቁት" አለች ረውዳ። ቲቸሯ የምትለውን ነው የደገመችው።

ግንቦት ላይ ወደ መንገድ ወጣች። እሑድ እሑድ ይመር ሹክታውን ኪሱ ከቶ እጇን ይዞ ይከተላታል። አንድ ሰማያዊ በር ፊት ቆሙ። በሩ አናት ላይ ሁለት ፊደል አለ።

"ሱ" አለ ይመር። "ቅ።"

"አቀራርባቸው።"

"ሱ... ቅ። ሱ፣ ቅ። ሱ-ቅ።" ቆም አለ። "ሱቅ! ወላሂ ሱቅ ይላል! ረውዳ፣ ሱቅ እኮ ነው!"

ባለሱቁ ብቅ አለና ይመርን ትክ ብሎ አየው። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ሱቅ በማየቱ እንዲህ ሲፈነድቅ አይቶ አያውቅም።

ከዚያ ቀን በኋላ የሚያቆመው ጠፋ። ያየውን ሁሉ ያነባል። ሰፈሩን እንደ አዲስ ያየው ጀመር፤ አንዳንዱን ባያየው ይሻል ነበር። የሐጂ ሙሄን በር በየቀኑ ሲያልፍ ሹክታው "የቤቱ ባለቤት እንስሳት ይወዳሉ" ይለው ነበር። ለካ የተጻፈው "ኃይለኛ ውሻ አለ" ነው። ከመናኸሪያው ኋላ ያለው ረጅም ግንብ "ይህ ግድግዳ በንጽሕና ተጠብቋል" ይባል ነበር። ይመር ፊደል በፊደል ሲያነበው "እዚህ መሽናት ክልክል ነው" ይላል፤ ከሥሩም በሌላ ሰው እጅ "አንተን ነው" የሚል ተጨምሮበታል። ይመር ግንቡን ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ፤ ከዚያ ያለበትን አስተውሎ ቶሎ ተነሣ።

የመጨረሻው ሰሞን ግን አንድ ሐሳብ ገባው። ውሻው እንስሳ መውደድ ከሆነ፣ ሽንቱ ንጽሕና ከሆነ፣ የአባቱ "መልካም ጉዞ"ስ? ሥራ ላይ ሹክታ ማውለቅ በማኅበሩ ሕግ ክልክል ነው፤ ማታ ደግሞ መኪናዋ ራሷ ወደ ማደሪያዋ ትሄዳለች። ቢሆንም አንዲት ደቂቃ መስረቅ ያቅተዋል ብላችሁ አትመኑ። ፈርቶ ነው። አባቱ ምን ብሎ እንደሄደ በዚህ ዕድሜው ማወቅ አስፈራው።

"ረውዳ" አለ አንድ ማታ፣ ወሬ አስመስሎ። "ያ የመኪናው ጥቅስ... 'መልካም ጉዞ' ነው አይደል?"

ረውዳ ከንፈሯን ነከሰች። መናገር ምን ያህል እንዳማራት ፊቷ ላይ ይታያል። "የሰው ንባብ አይነጠቅም" አለች።

የመዝጊያው ቀን ሰኔ ላይ ደረሰ። ከወላጆቹ ሲሶው እንኳ አልመጣም። የመጡት በተርታ ቆሙ፤ ትብለጥ ሹክታቸውን በባዶ የጠመኔ ሣጥን ሰበሰበች። የእያንዳንዱን ፈተና የመረጠለት ልጁ ነው። የያፌት እናት ካርዷን ረጅም ሰዓት አፍጥጣ አየችው፤ ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና በአዲስ ቀሚሷ ሦስት ጊዜ ዘለለች። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ያፌት ከኩራት ብዛት መቀመጫ አጣ። አንድ አባት ግን ካርዱን ገለባበጠው፣ አጠገቡ ያሉትን አየ፣ ምንም ሳያደርግ ቆመ፤ ልጁ አንገቷን ደፍታ እጁን ይዛው ወጣች። ትብለጥ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። "ክረምቱን ሙሉ እዚሁ ነኝ፤ ኑ" አለቻቸው፤ ያን ጊዜ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

ይመር ይህን አይቶ ወደ ረውዳ ዞረ። ረውዳ እጇን አወጣች።

"የአባዬ ፈተና ውጭ ነው" አለች።

ክፍሉ በሙሉ ግር ብሎ ወጣ። ሚኒባሷ በር ላይ ቆማለች። "አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!" አለች እንደ ልማዷ። ልጆቹ ተጋፍተው ገቡ፤ አንዱ ወንበር ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ተደራረቡ፣ የቀሩት በሩ ላይ ተንጠለጠሉ። ይመር በልማዱ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ረውዳ ከጎኑ ቆመች። በእንጨቷ ከመስተዋቱ በላይ ያለውን አሳየችው።

ይመር አንጋጠጠ። ላስቲኩ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፤ ፊደሎቹ የእጅ ጽሑፍ ናቸው። ዜማ የለም፣ ጎረቤት የለም። አንድ አንድ እያለ ያዛቸው። ይ። ህ። ን። ይህን። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ልጆቹ አንገታቸውን አሰገጉ። የሁለተኛው ቃል መሀል ላይ ጠፋበት፤ ወደ ሀ ሊሮጥ ሲል ራሱን ያዘ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እንደገና ገለጠ። በ ናት። ብቻዋን ናት፤ ግን አወቃት። ቀጠለ። ሰማዩ ለመዝነብ ሲያጉረመርም ሰማ፣ ቀጠለ። የመጨረሻዋን ፊደል ሲጨርስ ወደ መጀመሪያው ተመለሰና አሁን ሳይቆራርጥ በልቡ አነበበው።

"ይህን ካነበብክ ሹፌሩን ሰላም በለው። ከጧት ጀምሮ ያናገረው ሰው የለም።"

ይመር ዞር አለ። ልጆቹ ሁሉ አፋቸውን ይዘው ያዩታል። ያፌትን አየው። ለካ አስተዳደግ አልነበረም። ኅዳር ላይ ያፌት ማንበብ ቻለ፣ በሳምንቱ ሁለቱ ሴቶች ቻሉ፤ እያንዳንዱ ሰላምታ አንድ ልጅ ፊደል ማብቀሉ ነበር። ያነበበ ያደርጋል።

ከዚያ አባቱ ትዝ አለው። ትምህርት ቤት የሚያደርሰው እሱ ነበር። ስምንት ዓመት በሞላው ሰሞን ይመር አዲስ ሹክታውን ይዞ ከአባቱ ኋላ ይቀመጥ ነበር፤ ፊቱ የአባቱ ማጅራት፣ ከማጅራቱ በላይ ይህ ጽሑፍ። ሹክታው በየቀኑ "መልካም ጉዞ" ይለዋል። አባቱ በመስተዋቱ አንዳንዴ ያየው ነበር፤ ምን እንደሚጠብቅ ይመር አልገባውም ነበር። አሁን ገባው። አዘነ፤ ዓይኑ ሞላ፤ በነዚያ ሁሉ ልጆች ፊት መሆኑ ግድ አልሰጠውም።

"አነበቡት?" አለች ትብለጥ ከበሩ ላይ።

"አነበብኩት።"

"ያነበበ ያደርጋል።"

ረውዳ እንጨቷን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ይመር ወደ ጥቅሱ አየ፣ ወደ መሪው አየ። ሹፌሩን ሰላም በለው ይላል። ሹፌሩ ደግሞ እሱ ነው። ራሱን ሰላም ሊል ነው?

"ወደ..." አለ ያፌት መቻል አቅቶት፤ ሌሎቹ "ሽሽሽ!" ብለው አፉን ያዙት።

ይመር ተነሣ። በፊተኛው በር ወረደ፣ ዞሮ በኋለኛው ገባ። ከሹፌሩ በስተኋላ ካለው ወንበር ላይ ልጆቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁለት። ጉልበቱን ሰብስቦ ተቀመጠ። ፊት ለፊቱ ማጅራት የለም፤ ባዶ ወንበርና መስተዋት ነው ያለው። ጉሮሮውን ጠረገ።

"አባ፣ አሰላሙ አለይኩም" አለ። "እንዴት ዋልክ?"

ወሎ ውስጥ ሰላምታ ሜዳ ላይ ወድቆ አይቀርም። ልጆቹ ማንም ሳይመራቸው፣ ፊደል እንደሚቀበሉት ሁሉ በአንድ ድምፅ "ወአለይኩም ሰላም!" ብለው ተቀበሉት፤ ያፌት ከሁሉ በላይ ጮኸ።

ትብለጥ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። "ረውዳ ይመር፣ የንባብ ክፍል" አለች በዚያ ጦሳ በሚደርሰው ድምፅዋ። ረውዳ የወንበሩን መደገፊያ ተሻግራ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ዝናቡም ጣሪያውን መምታት ጀመረ፤ ውጭ የቀሩት ልጆች እየጮኹ ገብተው በላያቸው ላይ ተከመሩ። አንዲት መርፌ የምታስቀምጡበት ቦታ አልቀረም።

"አንድ ሰው!" አለች መኪናዋ። "አንድ ሰው የቀረው!"

ይመር ባዶውን የሹፌር ወንበር አየ። ዕድሜዋን ሙሉ ስትዋሽ የኖረች መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገረች።

"አባዬ" አለች ረውዳ አንገቱን ለቅቃ፣ ወደ ፊት እየገፋችው። "አንተን እኮ ነው የምትለው። ግባ፣ እንሂድ።"